የበኩር ልጅና አለርጂ፦ አማትዎ በግማሹ ልክ ናቸው

ጥያቄ፦ «ሦስተኛ ልጄን አርግዣለሁ፤ ስድስተኛ ወሬ ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ገና በሦስት ወሯ ጉንጯና ክርኗ ላይ ችፌ ወጣባት። በአሥራ አንድ ወሯ እንቁላል ባቀምሳት ከንፈሯ አብጦ ሰውነቷ በሙሉ ሽፍ አለባት። አሁን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ማስነጠስ ነው ሥራዋ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንዱ ግን ምንም የለበትም፤ እንቁላሉንም ወተቱንም ያገኘውን ይበላል። አማቴ "የበኩር ልጅ ስለሆነች ነው፤ ማህፀንሽ ገና አልለመደም ነበር። ሦስተኛው እንደ ብረት ነው የሚሆነው" ይሉኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ በበኩሏ እንቁላል፣ ወተትና ኦቾሎኒ እንዳልቀምስ፣ ልጁም ሦስት ዓመት እስኪሞላው ኦቾሎኒ እንዳላስነካው ታስጠነቅቀኛለች። በመጀመሪያው እርግዝናዬ ኦቾሎኒ አምሮኝ ከእጄ አይለይም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ይሆን? ደግሞም ቤቴን በበረኪና ነው የማጸዳው፤ ንጽሕና ሲበዛ አለርጂ ያመጣል፣ ፓራሲታሞልም አስም ያመጣል ሲሉ ሰማሁ። ለሚመጣው ልጅ ምን ላድርግ?»
(አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ያኔ የበሉት ኦቾሎኒ ነው፤ የልጅዎ ሰውነት የተቆጣው ግን በእንቁላል ነው። ነገሩ እናት የበላችውን ተከትሎ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ በኦቾሎኒ በተቆጣች ነበር። ወደኋላ እየዞሩ «ምን በልቼ ነበር» የሚለውን ቆጠራ ይተዉት።

አማትዎ ግን በግማሹ ልክ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1989 ዴቪድ ስትራቻን የተባለ የለንደን ተመራማሪ፣ በማርች 1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ በብሪታንያ የተወለዱ 17,414 ልጆች እስከ 23 ዓመታቸው የተሰበሰበላቸውን መረጃ አገላበጠ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት የሌላቸው ልጆች በአበባ ብናኝ የሚመጣው ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ በዝቶባቸው አገኘ። አንድ ታላቅ ሲኖር ይቀንሳል፤ ሁለትና ሦስት ሲኖሩ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣው ችፌም በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር። ከሥር የሚከተሉ ታናናሾች ግን ይህን ያህል ለውጥ አላመጡም፤ ቁም ነገሩ ታላቅ መኖሩ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተደግሟል፤ በሜልቦርን ከ5,000 በላይ ሕፃናት የተመረመሩበት ጥናት ለእንቁላል አለርጂም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል።

ምክንያቱ ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው የስትራቻን የራሱ ግምት ነው፦ ታላቆች ከውጭ የሚያመጡት ጉንፋንና ተቅማጥ የታናሹን የመከላከያ ኃይል ገና ከጅምሩ ሥራ ያስይዘዋል፤ ሥራ የያዘ የመከላከያ ኃይል በእንቁላልና በአቧራ ላይ ጦር አይመዝም። ሁለተኛው የአማትዎን አባባል ይመስላል። በእንግሊዝ ደቡብ ባለችው በዋይት ደሴት፣ በ1989 እና 1990 የተወለዱ ሕፃናት የእትብት ደም ሲመረመር፣ አለርጂን የሚያንቀሳቅሰው አይ.ጂ.ኢ. የተባለው ፀረ እንግዳ አካል በበኩር ልጆች ደም ከፍ ብሎ፣ በተከታዮቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የእትብት ደም የሚወሰደው ሕፃኑ ገና በማንም ሳይሳልበት ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ቢያንስ በከፊል ከማህፀን ይጀምራል ማለት ነው፤ የእናት የመከላከያ ሥርዓት በየእርግዝናው ጥቂት ጥቂት ይለወጣል የሚለው ግምት የተነሣው ከዚህ ነው። ማህፀን «ይለምዳል» ብለው አማትዎ የተናገሩት ያልተማረ ሰው ወሬ አይደለም።

የተሳሳቱት «እንደ ብረት ነው የሚሆነው» ያሉት ላይ ነው። የልደት ቅደም ተከተል በሺህ በሚቆጠሩ ልጆች መካከል የሚታይ ትንሽ ልዩነት ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ስላለ አንድ ልጅ ምንም ቃል አይገባም። ከእሱ ይልቅ የሚከብደው ቤተሰቡ ነው። ታላቅ እህቱ ችፌና የእንቁላል አለርጂ ያላት ሕፃን፣ ሦስተኛም ሆነ አምስተኛ፣ ከሌላው ልጅ ይልቅ ለአለርጂ የቀረበ ነው። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ አስም ወይም ችፌ ካለብዎት ደግሞ ይጨምራል፤ በተለይ የእናት አስም ከአባት ይልቅ በልጁ ላይ ጎልቶ የታየባቸው ጥናቶች ብዙ ናቸው። ለሐኪም ሲናገሩ «ሳይነስ»ንም አይርሱ። በከተማችን ሳይነስ የሚባለው የዘወትር ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ማሳከክና ውኃ የሚመስል ንፍጥ አብዛኛውን ጊዜ የአፍንጫ አለርጂ ነው፤ ሰው ግን «አለርጂ አለብዎት?» ሲባል የለብኝም ይልና ሳይነስ ሲባል አዎ ይላል።

ከታላቆቹ የሚያገኘው ነገር መጀመሪያ ላይ ጥቅም እንደማይመስልም ይወቁት። በአሪዞና በቱሳን ከተማ ከ1,000 በላይ ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ የተከታተሉ ሐኪሞች፣ ታላላቆች ያሏቸው ወይም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሕፃናት መዋያ የገቡ ልጆች በ2 ዓመታቸው ሲተነፍሱ ሲር ሲር ማለት በዝቶባቸው አገኙ። ከ6 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ግን ነገሩ ተገልብጦ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ትልቋ ከመዋዕለ ሕፃናት በምታመጣው ጉንፋን ትንሹ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ ቢታመም፣ አስም ያዘው ብለው አይደንግጡ። የጎን አጥንቱ እየገባ የሚተነፍስ ከሆነ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው ግን በዚያኑ ሰዓት ወደ ሐኪም።

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ፣ በኦፕራሲዮን የሚወለዱ ልጆች አስም በ20 በመቶ ገደማ እንደሚበዛባቸው የተጠቃለሉ ጥናቶች ያሳያሉ። 20 በመቶ ሲባል ያስፈራል፤ ከ100 ልጆች 10 አስም በሚይዛቸው አገር 10 የነበረው 12 ይሆናል ማለት ብቻ ነው። ሐኪም ለእርስዎ ወይም ለሕፃኑ ደኅንነት ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ካለ፣ በአለርጂ ፍርሃት እምቢ አይበሉ።

እህትዎ ከራሷ አልፈጠረችውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 በቤተሰቡ አለርጂ ላለበት ልጅ ወተት እስከ 1፣ እንቁላል እስከ 2፣ ኦቾሎኒና ዓሣ እስከ 3 ዓመት ይቆይ ብሎ መክሮ ነበር። በ2008 ማስረጃ የለውም ብሎ ራሱ አነሣው፤ ምክሩ ግን በሰው አፍ ቀረ። በዚያው በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ነገሩን ገለበጠው። በብሪታንያና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁድ ልጆች ሲነጻጸሩ፣ ዘራቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ የብሪታንያዎቹ የኦቾሎኒ አለርጂ 10 እጥፍ ያህል በለጠ። ልዩነቱ ያለው ከምግባቸው ነበር። እስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችን ባምባን ያውቁታል፤ በየሱቁ ያለው፣ ሕፃን ጥርስ ሳያወጣ አፉ ውስጥ የሚሟሟ የኦቾሎኒ ብስኩት ነው። የእስራኤል ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት ኦቾሎኒ ይበላሉ፤ የለንደኖቹ እናቶች ደግሞ በጥንቃቄ ያርቁ ነበር።

ይህን ለመፈተሽ ጌዲዮን ላክና ባልደረቦቹ በለንደን ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን፣ ከ4 እስከ 11 ወር የሆኑ 640 ሕፃናት ለሁለት ከፈሏቸው፤ ግማሾቹ ኦቾሎኒ እየበሉ፣ ግማሾቹ ሳይቀምሱ 5 ዓመት ሞላቸው። በ2015 ውጤቱ ሲወጣ፣ ካልቀመሱት ከ100 17 ያህሉ የኦቾሎኒ አለርጂ ያዛቸው፤ ከበሉት ግን 3 ያህሉ ብቻ። በጃፓንም ችፌ ያለባቸው 147 ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው፣ ለግማሾቹ ከ6 ወራቸው ጀምሮ እጅግ ጥቂት የበሰለ እንቁላል በየቀኑ ሲሰጣቸው፣ በ1 ዓመታቸው የእንቁላል አለርጂ ካልተሰጣቸው 38 በመቶውን፣ ከተሰጣቸው ግን 8 በመቶውን ብቻ ያዘ።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም ያዙት። ምግብ በአፍ ሲገባ አንጀት «ወዳጅ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ያው ምግብ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል፣ በእጅ፣ በአቧራ ወይም በቅባት መልክ ሲገባ ግን ቆዳ «ጠላት ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ችፌ ያለበትን ሕፃን እንቁላል ከአፉ አርቀን፣ ሌላው ቤተሰብ እንቁላል በነካ እጁ ጉንጩን ሲዳስሰው፣ መንገዱን ገልብጠን አስገባነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ። በቀሩት ሦስት ወራትና ጡት በሚያጠቡበት ጊዜ እንቁላሉንም፣ ወተቱንም፣ ኦቾሎኒውንም ይብሉ፤ እርስዎን እስካልተቆጣዎት ድረስ። ነፍሰ ጡር ከእነዚህ ብትከለከል ልጇ ከአለርጂ እንደሚድን የተደረጉት ጥናቶች አላሳዩም፤ ይልቁንም የእናትየው ክብደት እንዳይጨምር ያደርጋል የሚል ስጋት አለ። «ወተትና እርጎ ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል» የሚሉም ይኖራሉ። ሕፃን ሲወለድ ሰውነቱ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ወተት አይደለም፤ የሕፃኑ ቆዳ ራሱ የሚሠራው ቅባት ነው። አጥቦ ለማስለቀቅ አይቸኩሉ። የመጀመሪያውን ገላ መታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ማቆየት የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ነው፤ ሕፃኑን ከብርድ ይጠብቀዋል፣ ቆዳውንም ያለሰልሰዋል።

ጢስ ላይ ግን ጠንከር ይበሉ። ነፍሰ ጡር አጠገብ የሚጨስ ሲጋራ የሕፃኑን ሳንባ ገና በማህፀን ይጎዳዋል፤ ባለቤትዎ የሚያጨሱ ከሆነ በረንዳ ላይ መውጣታቸውም በቂ አይደለም፤ ልብሳቸው ይዞት ይገባል። በጅማ በተደረገ ጥናት በቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ በሚያነዱ ቤተሰቦች አለርጂ በዝቶ ተገኝቷል። ከሰልና ነጭ ጋዝ ከቤት ውጪ ይሁን፤ ቡናው ሲፈላም እጣኑን ሕፃኑ ከሚተኛበት ክፍል ያርቁት ወይም ይተዉት።

ስለ ቆዳው ረዘም አድርገን እናውራ፤ ሰው የሚሳተው እዚህ ነውና። ጤነኛ ቆዳ ያለውን ሕፃን በየቀኑ ቅባት መቀባት ችፌን አይከላከልም፤ በብሪታንያ 1,394 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2020 ውጤቱ ባዶ ሆኗል። ስለዚህ ውድ ሎሽን ገዝተው አያከማቹ። ሥራው ያለው ችፌው ሲጀምር ፈጥኖ ማከም ላይ ነው፤ ለመጀመር ደግሞ መለየት ያስፈልጋል። በእኛ ቆዳ ላይ ችፌ እንደ ፈረንጅ መጽሐፍ ሥዕል ቀይ ሆኖ አይወጣም። ጉንጭ ላይ፣ ግንባር ላይ፣ በእጅና በእግር ውጪ በኩል ግራጫ ወይም ከቀሪው ቆዳ የጠቆረ፣ ሲዳብሱት አሸዋ የሚመስል ሻካራ ቦታ ሆኖ ይጀምራል፤ ጥቃቅን እንክብሎችም ሊኖሩት ይችላሉ። ሕፃኑ ጉንጩን ትራስ ላይ ወይም የእርስዎ ትከሻ ላይ እያሸ ከሆነ እያሳከከው ነው። ከ3 ወር በፊት የጀመረና የጠና ችፌ ከሁሉ ይበልጥ ወደ ምግብ አለርጂ ይወስዳል፤ የትልቋም ታሪክ ለዚህ የቀረበ ነው።

በለብታ ውኃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ያጥቡት። ሽታ የሌለው ሳሙና፣ እሱንም ብብትና ዳይፐር የሚነካው ቦታ ላይ ብቻ። በፎጣ ሳያሹ ጠብ ጠብ አድርገው ያድርቁትና ውኃው ሳይደርቅ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ቫዝሊን ይቀቡት። ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ይበቃል፤ ሰውነቱ በሙሉ ደረቅ ለሆነ ልጅ በሳምንት ሩብ ኪሎ ሊያልቅ ይችላል፤ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ወር ከቆየ እየቀቡ አይደለም ማለት ነው። ጣት እየነከሩ ሳይሆን በንጹሕ ማንኪያ ከቆርቆሮው ያውጡ።

ቫዝሊን ብቻውን ካላበረደው ሐኪም 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ያዝልዎታል። ልኩ እንዲህ ነው፦ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ይሆናል፤ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ፊት ላይ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ሰውነት ላይ እስከ 7 ቀን ያህል፣ ሻካራነቱ እስኪጠፋ። እናቶች ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ሻል ሲለው ያቆማሉ፤ በሳምንቱ ይመለሳል፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። በሌላ በኩል ክሎቤታዞል ያለባቸው የፊት ማቅያ ክሬሞች በየሱቁ ይሸጣሉ፤ ፈጽሞ ሕፃን ላይ እንዳይደርሱ፤ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ከቆዳ አልፈውም ይጎዳሉ። ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ከታየ ችፌው ቆሽሿል፤ ሐኪም ይየው።

እዚህ ላይ አማትዎ ይቆጡን ይሆናል፤ ሕፃኑን በቅቤ ማሸት። ለጤነኛ ቆዳ አንከራከርም። በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ግን ቅቤ ወተት ነው፤ ያንኑ የተገለበጠ መንገድ ይከፍታል። የኦቾሎኒ ዘይት ያለባቸውን ቅባቶች በተቆጣ ቆዳ ላይ የተቀቡ የእንግሊዝ ሕፃናት ኋላ የኦቾሎኒ አለርጂ በዝቶባቸው ታይቷል። የወይራ ዘይትም የቆዳን መከላከያ ያላላል።

ጡት ብቻ እስከ 6 ወር። በ6 ወሩ ምግብ ሲጀምር እንቁላልና ኦቾሎኒ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ይግቡ። ከባድ ችፌ ካለበት ግን ከዚያ በፊት፣ በ4ኛው ወር ገደማ ሐኪም ይየውና የቆዳ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይወስን። እህቱ አለርጂ ስላለባት ብቻ ምርመራ አያስፈልገውም።

እንቁላሉን 15 ደቂቃ በፈላ ውኃ ይቀቅሉት፤ አስኳሉም ነጩም እስኪጠነክር። በከፊል የበሰለ ሰውነትን ይበልጥ ያስቆጣል። የመጀመሪያው ቀን የሻይ ማንኪያ ሩብ፣ ፈጭተው በጡት ወተት ወይም በገንፎ ያላሉት። ጠዋት ይሁን፣ ሕፃኑ ጤነኛ ሆኖ፣ ጉንፋንና ትኩሳት በሌለበት ቀን። ከዚያው በማንኪያ ጫፍ ብቻ አቅምሰውት 10 ደቂቃ ይጠብቁና የቀረውን ይስጡት፤ ከዚያ 2 ሰዓት ዓይንዎ አይለየው። ደኅና ከሆነ በየሁለት ቀኑ እየጨመሩ ወደ ግማሽ እንቁላል ያድርሱት።

እንቁላሉ ከተለመደ በኋላ፣ በሌላ ቀን ኦቾሎኒ። ሁለቱን በአንድ ቀን አይጀምሩ፤ ሽፍ ቢልበት የትኛው እንደሆነ አይለይም። ለስላሳ የኦቾሎኒ ቅቤ 2 የሻይ ማንኪያ በ2 ወይም 3 የሻይ ማንኪያ ሞቅ ያለ ውኃ አሟሙተው ወደ አጥሚቱ ይጨምሩ። ሳይሟሟ ከሰጡት ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል። ራስዎ የሚያዘጋጁ ከሆነ ቆልተው፣ ቅርፊቱን አራግፈው፣ እንደ ዱቄት ያድቅቁት፤ 2 ተኩል የሻይ ማንኪያ ያንኑ ያህል ይሆናል። ከመቁላትዎ በፊት የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና የጠቆረውን ለቅመው ይጣሉ፤ የሻጋታው መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ያልተፈጨ ፍሬ እስከ 5 ዓመት አይሰጥም፤ ያንቃል። ከተለመደ በሳምንት 3 ጊዜ ይቀጥሉ። አንዴ አቅምሶ መተው ከንቱ ነው፤ ሰውነት የሚለምደው በድግግሞሽ ነው።

ይህን ድግግሞሽ ከሁሉ የሚያቋርጠው ጾም ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ድስቱ ሁሉ የጾም ሲሆን፣ «ለአንድ ማንኪያ እንቁላል ድስት አላስነካም» ይባልና ሕፃኑ ሳያውቅ አብሮ ይጾማል። ሕፃን አይጾምም። ለእሱ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይተው ያስቀምጡ።

ከበላ በኋላ በአፉ ዙሪያ ብቻ ጥቂት ሽፍታ ከታየ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ። ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ ብሎ ሲያስታውክ፣ ሲያስለው፣ ድምፁ ሲሻክር፣ ሲር ሲር ሲል ወይም ሲዝል ግን ጊዜ የለም። ጀርባው ላይ ያስተኙት፤ መተንፈስ ካቃተው ቀና አድርገው ይያዙትና ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይሮጡ። የሚያድነው በጭን ውጪ በኩል የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም። ሴትሪዚን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ እስትንፋስ አያድንም፤ እሱን ሰጥቶ ቤት መጠበቅ አደጋ ነው።

በረኪናውን እንመለስበት። ስትራቻን ካለው ተነሥቶ «ቆሻሻ ይጠቅማል» ወደሚል የደረሰ ብዙ ነው። በ1997 የታተመው የጅማ ጥናት አስምና ሲር ሲርታ በከተማው ከገጠሩ እንደሚበዛ አሳይቷል፤ በ2001 የወጣውም መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲርታ እንደሚያንስባቸው አገኘ። ይህ ማለት ግን ልጅዎን ትል ይግባው ማለት አይደለም፤ ያው ትል ደሙን ይመጠዋል፣ እድገቱን ይጎትተዋል። የትል መድኃኒቱን በወቅቱ ይውሰዱ፣ እጅ በሳሙና መታጠቡም ይቅር አይባልም። የሚተወው ሌላ ነው፦ ሕፃን ባለበት በረኪና መርጨት፣ የበረሮ መርዝ መንፋት፣ ሽታ ያለው የቤት ስፕሬይ። ወለል በውኃና በሳሙና ይጸዳል፤ በረኪና ለሽንት ቤት ይሁን፣ መስኮት ተከፍቶ።

ፓራሲታሞልን የሰሙት ከአገራችን ጥናት ሊሆን ይችላል። በቡታጅራ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችንና ልጆቻቸውን የተከታተለ ጥናት፣ በሕፃንነታቸው ፓራሲታሞል በብዛት የተሰጣቸው ልጆች ሲር ሲርታ እንደሚበዛባቸው በ2011 አሳይቷል። ክርክሩ አላለቀም፤ ፓራሲታሞል የሚሰጠው ለታመመ ልጅ ነው፣ ሳንባውን የሚጎዳው ደግሞ ሕመሙ ራሱ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ኖሮት ሲያለቅስ ይስጡት፤ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ4 ወይም 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው መድኃኒቱን ሰጥተው አይጠብቁ፤ ሐኪም ይየው። እንዲተኛ ብሎ መስጠት፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው እያሉ ለሳምንት መስጠት ግን ይቅር። እርስዎም ራስዎን ክፉኛ ካመመዎት በአነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ቀን መውሰድዎ ችግር የለውም፤ በእርግዝና ከሌሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች እሱ ይሻላል።

ትልቋን አይርሷት። የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት በሚገቡበት ዕድሜ ይተዋቸዋል፤ እሷ 5 ዓመቷ ነውና እንደገና የምትመረመርበት ጊዜ ነው። የቆዳ ምርመራ ወይም የደም አይ.ጂ.ኢ. ይሠራላት፤ አይ.ጂ.ጂ. የሚባለውን «የመቶ ምግብ» ምርመራ ገንዘብዎን አያባክኑበት፤ የተበላን ምግብ ይነግራል እንጂ አለርጂን አይነግርም። ቤት ውስጥ «እስቲ እንሞክር» አይባልም፤ የሚሞከረው ሐኪም ባለበት፣ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ ነው። በእንቁላል አለርጂ ምክንያት የኩፍኝ ክትባት ቀርቶባት ከሆነ ይሰጣት፤ ለእሷም ያስተማምናል።

ወንዱ እንቁላሉን እንደለመደው ይብላ፤ ለእሷ ሲሉ እሱን አያስተዉት።

የሚያስቸግርዎ አንድ ነገር ይቀራል፦ ለትንሹ እንቁላል የሚያስፈልግ፣ ለትልቋ ደግሞ የሚያስፈራ ቤት ይሆናል። ትንሹን የሚያበሉት እሷ ትምህርት ቤት በሄደችበት ሰዓት ይሁን። እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ይቀቀል፤ ጥብሱ ግን ዘይቱ ይረጫልና እሷ ባለችበት አይጠበስ። የእሱ ማንኪያና ሳህን በቀለም ይለዩ፣ ለብቻቸውም ይታጠቡ። በልቶ ሲጨርስ እጁንና አፉን በውኃና በሳሙና ያጥቡት፤ አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ጀርም ይገድል ይሆናል እንጂ የእንቁላሉን ቅሪት ከእጅ አያስለቅቅም፤ እሷም መጥታ የምትስመው ያንኑ ጉንጭ ነው።